ያልተሸፈነ ሥጋ

ከሐረር ትልቁ ገበያ ከግድር መጋላ ሥጋ ተራ ሥጋ ገዝቶ ሳይሸፍን የሚወጣ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው ወይ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። የጀጎል ጭልፊቶች ዓይን አፋር አይደሉም። ከአዳራሹ ጣሪያ ጫፍ ላይ ተደርድረው የገዢውን እጅ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ፌስታሉ ትንሽ ገለጥ ካለ ዱብ ይሉና የሰውየውን ቆዳ እንኳ ሳይጭሩ ሥጋውን ይዘው ይሄዳሉ። የተነጠቀው ይጮኻል፣ ሥጋ ሻጮቹ ይስቃሉ፣ ስቀው ሲጨርሱ አንዳቸው ትንሽ ቆርጦ ይክሰዋል። የጀጎል ሴት ታዲያ ሥጋዋን ከቅርጫቷ ግርጌ አድርጋ ላዩን ትሸፍናለች። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራትም፤ ከእናቷ ኋላ ኋላ ስትሄድ ያየችው ነው።

አብዱልፈታ እዚህ ሥጋ ተራ የግመል ሥጋ ሲሸጥ ነው ጢሙ የሸበተው። ሰው የሚያውቀው በቢላዋው ነው። ሥጋን ከአጥንት ሲለይ ያየ ሰው ሁለቱ መጀመሪያውኑ ተጣብቀው የነበሩ አይመስለውም። ለሚያከብረው ደንበኛ አጥንት መዝኖ ሰጥቶ አያውቅም፤ አጥንት መስጠት ለእሱ ስድብ ነው። ለወዳጅ የሚሰጠው ስቡ የተገፈፈ፣ ጅማቱ የወጣ ቀይ ሥጋ ነው። አጥንቱን በርሜል ውስጥ ይጥለዋል፤ አመሻሽ ላይ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች እየመጡ ይወስዱታል።

አንድ ልጅ ነበረው። ፈይሰል የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ሳቂታ፣ ወሬ ወዳድ፣ ተሳፋሪ ሳይከፍለው ቢወርድ እንኳ የጀመረው ጨዋታ ባለማለቁ የሚቆጨው ዓይነት። አንድ ቀን ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ሲመለስ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የወደቀች ለጋ ጭልፊት አገኘ። ከጎጆዋ ከወጣች ገና ብዙም አልቆየች። አንድ ክንፏ ተሰብሮ መሬት ይጠርጋል። በጃኬቱ ጠቅልሎ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ ክንፏ ታሽጎ በካርቶን ወደ ቤት አመጣትና የራሱ ክፍል ውስጥ አስቀመጣት። እናቱ ረሂማ ተቆጣች። በዚያው ሳምንት በሐኪም ጋራ ቁልቁለት ላይ የባጃጁ ፍሬን እምቢ አለው። ፈይሰልን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡት።

ከቀብር በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ረሂማ በቀይ አፈር በተለሰነው የሳሎን መደብ፣ በነደባው ጥግ ላይ አንገቷን አቀርቅራ ሰነበተች። ሰዉ እየቀለለ ሲሄድ ከፈይሰል ክፍል የካርቶን መንኮሻኮሽ ተሰማ። ያኔ ነው አንገቷን ቀና አድርጋ ባሏን ያየችው።

«ይቺ ወፍ ከዚህ ቤት ሞታ እንዳትወጣ» አለችው። «ሌላ ሬሳ በዚህ በር ሲወጣ አላይም። ወላሂ አላይም።»

«ኢንሻአላህ አትሞትም» አለ አብዱልፈታ።

እሱ አላለቀሰም። ሰዎች እርስ በርሳቸው «ምን ዓይነት ሶብር ነው አላህ የሰጠው!» ይባባሉ ነበር። ሶብር እንዳልሆነ እሱ ያውቃል። ሶብር ያለው ሰው የሚታገሠው ሕመም ይኖረዋል፤ እሱ ምንም አልነበረውም። ሱቁን እንደገና በከፈተ ቀን ቢላዋው አውራ ጣቱን ቆረጠውና ደሙ ከሥጋው ጋር ሲቀላቀል ያየው ደንበኛው ነው። «አባባ፣ እጅዎት!» ሲለው እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። በሐዘን ፈንታ የመጣበት ይህ ድንዛዜ ነበር፤ ያፍርበታል፤ ለማንም አልተናገረውም።

ትዕግሥት የምትባለው የእንስሳት ሐኪም ከሸዋ በር ወጣ ብላ ትንሽ የከብት መድኃኒት ቤት አላት። ቅድመ አያቶቿ ድሮ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ግን ስትናደድ «አቦ!» የምትል የለየላት የሐረር ልጅ ናት። በሐዘኑ ሰሞን ለመጠየቅ መጣችና በዚያው የወፏን ክንፍ አየች።

«በደንብ እየያዘ ነው» አለችው። «ምግቧን ግን ይጠንቀቁልኝ፣ አባባ። እንጀራም፣ ሩዝም አይስጧት። ሥጋ ብቻ ነው የምትበላው። ሥጋ ስልዎት ደግሞ…»

ይህን ጊዜ በቤቱ ኋላ ባለው መንገድ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። የትዕግሥት አፍ ሲንቀሳቀስ አብዱልፈታ ያያል፤ የሚሰማው ግን ባጃጁ ነው። ባጃጁ ካለፈ በኋላም ለረዥም ጊዜ ሲሰማው ቆየ።

«ገባዎት አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ገባኝ፣ ልጄ።»

የገባው «ሥጋ ብቻ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም፤ አለመስማቱንም አላወቀም።

ሥጋ ደግሞ እሱ ያውቅበታል። በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ከሁሉ የተሻለውን ሽንጥ ይዞላት ይገባል። ጅማቱን ያወጣል፣ ስቡን ይገፍፋል፣ በጣቱ ልክ ከትፎ አንድ በአንድ ያጎርሳታል። ድመት እንዳያያት መስኮቱን ዘጋ። አጠገቡ የሚሸጠው ሙሜ «አንተ፣ ሽንጡን ለጭልፊት እየወሰድክ ለደንበኛ ጎድን ታስቀራለህ! እኔም ክንፍ ባበቅል ይሻለኛል» እያለ ይቀልድበታል። አብዱልፈታ አይስቅም፣ አይቆጣም፤ መክተፉን ይቀጥላል። የፈይሰል እንግዳ ናትና እንደ እንግዳ ነው የያዛት። ፈይሰልንም ያሳደገው እንዲሁ ነበር፤ ልጁ ከአባቱ ቤት አጥንት ግጦ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት ረሂማ ከነደባው ሳትነሣ «አለች?» ትለዋለች።

«አለች።»

የባልና ሚስቱ ወሬ በቃ ይህ ነበር።

ማሸጊያው ሲፈታ ክንፉ ገጥሞ ተገኘ። ትዕግሥት ክንፉን ዘርግታ አየችና ደስ አላት፤ «ጊዜ ይስጧትና ታለማምደው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ጋራ ወስደን እንለቃታለን» አለች። ወፏ እየወፈረች፣ ላባዋ እየሞላ ሄደ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በደረቷ ተኝታ ነው የምትውለው፤ ቆማ ብዙም አትታይም። አብዱልፈታ ጠግባ ነው ብሎ አሰበ። ምግብ የተረፈው ፍጡር ለምን ይቆማል?

የመልቀቂያው ቀን ካርቶኑን አቅፎ በእግሩ ወጣ። ባጃጅ መሳፈር ከተወ ቆይቷል። ትዕግሥት ኮረብታው ላይ ጠበቀችው። ከበታቻቸው ጀጎል ከነግንቡ ይታያል፤ በወዲያኛው በኩል ወደ ሶፊ የሚወርደው የጫት እርሻ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ነፋሱ ጥሩ ነበር። አብዱልፈታ ወፏን መዳፉ ላይ አውጥቶ እጁን ከፍ አደረገ።

ዘለለች። ክንፏ ተዘረጋ፤ የተሰበረውም ክንፍ እንደ ደህናው አየሩን መታ። ጥቂት ሄደችና ዝቅ ብሎ ባለ የእርሻ እርከን ላይ ለማረፍ እግሯን ዘረጋች። እግሯ መሬት ሲነካ ከሥሯ ታጠፈ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። በጎኗ ወድቃ በክንፎቿ አፈሩን ትገርፍ ጀመር።

ትዕግሥት ሮጣ አነሣቻት። እግሯን ዳሰሰች፣ ሌላኛውን ዳሰሰች፣ የደረቷን አጥንት በጣቷ ጫን አለችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ሲያበሏት የነበረው?»

«ሽንጥ» አለ አብዱልፈታ። «ቀይ ሥጋ። ስብ እንኳ አላስነካኋትም።» ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ከቀብሩ ወዲህ በደንብ የሠራሁት ብሎ የሚያስበው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

«ከነአጥንቱ ነው?»

«ምን በወጣት!»

ትዕግሥት ወፏን እንዳቀፈች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ። ጫጩት ከነአጥንቱ፣ አይጥ ከነቆዳው ብዬ። ጭልፊት ያደነችውን ስትበላ አጥንቱንም ነው የምትበላው፤ የሷ አጥንት የሚጠነክረው በሱ ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ እየበላች ስታድግ አጥንቷ ይለሰልሳል። ፀሐይስ ታያለች?»

«ድመት እንዳያገኛት ብዬ… ቤት ውስጥ ናት።»

«በስመ አብ!» አለች ትዕግሥት። ከዚያ የሰውየውን ፊት አይታ ቁጣዋን ዋጠችው።

አክብሬ ነው የሰበርኳት፣ አለ አብዱልፈታ በሆዱ። ነገሩ ፍንትው ብሎ ገባው፤ ወንጀሉ ገባው። ይህን ጊዜ ማልቀስ ነበረበት፤ ቢያንስ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር መላወስ ነበረበት። አልተላወሰም። ከወፏ መውደቅ ይልቅ ያስፈራው ይህ ነው። ልቤ ከልጄ ጋር ተቀብሮ ይሆን ብሎ አሰበ።

ትዕግሥት እግሯን በቀጭን እንጨት ደግፋ አሰረችላት። «ከዛሬ ጀምሮ አጥንትና ፀሐይ ካገኘች አጥንቷ ሊጠነክር ይችላል፤ ገና ልጅ ናት። ይህ እግር ግን ተጣሞ ነው የሚድነው። ጭልፊት የምትይዘው ደግሞ በእግሯ ነው። መንጠቅ ካልቻለች ብትበርም አትኖርም። መንጠቅ መቻሏን እስክናይ ከቤት እንዳትወጣ።»

ቁልቁለቱን ሲወርድ አንድ ሐሳብ መጣበት። ካርቶኑን እዚህ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጦ ቢሄድ ማን ያያል? ረሂማ «በረረች?» ትለዋለች፤ «በረረች» ይላታል። በቤታቸው በር ሬሳ አይወጣም። ሚስቱ ተነሥታ ፊቷን ትታጠብ ይሆናል። ከቁጥቋጦው አጠገብ ቆመ፤ ካርቶኑንም መሬት ላይ አስቀመጠው። ወፏ ከውስጥ ካርቶኑን ጫር ጫር አደረገችው፤ ፈይሰል በሞተ ሰሞን ከክፍሉ የተሰማው ያው ድምፅ ነው። መልሶ አቀፋትና ወደ ቤቱ ሄደ።

ረሂማ ካርቶኑን አየች። እሱ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ የትዕግሥትን ምክር ሳይሰማ «ገባኝ» ማለቱን፣ ሽንጡን፣ መስኮቱን፣ የእግሯን መታጠፍ። ቁጥቋጦውንም አልደበቀም።

«አጥንት ነው የጎደላት?» አለች።

«አጥንት።»

«አንተ ዘንድ አጥንት ጠፋ?»

አብዱልፈታ ካርቶኑን ነደባው ላይ አስቀመጠው።

«የሥጋ ሻጭ ቤት ተቀምጣ አጥንት አጣች!» አለች ረሂማ። «የሐረር ጅብ ሁሉ ካንተ በርሜል እየበላ፣ የፈይሰል ወፍ አጥንት አጣች!»

አፏ ተጣመመ። ልታለቅስ ነው ብሎ ጠበቀ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። የሚያምር ሳቅ አልነበረም፤ ቶሎም ቆመ። ከዚያ ከነደባው ወረደችና ሙቀጫውን ከጥግ ጎትታ አወጣች። «ነገ የዶሮ አንገትና ክንፍ ይዘህ ና። ለዛሬው ከጎረቤት ፈልግ።» ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ። ከቀብሩ ወዲህ ረሂማ በእጇ የሠራችው የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወፏ የሷ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ አውጥታ ፀሐይ ታሞቃታለች። አጥንቱን ከሥጋው ጋር ወቅጣ ታበላታለች፤ እየቆየች ስትጠነክር ደግሞ የዶሮውን አንገት እንዳለ ትሰጣታለች። እግሯ የታሰረበት እንጨት ሲፈታ ትዕግሥት እንዳለችው ተጣሞ ወደ ውጭ ዞሮ ተገኘ፤ ስትበር እንደ ሌላኛው አይታጠፍም፣ ከሥሯ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መብረሩን ግን በረረች። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት ግድግዳ። የቀረው መንጠቁ ነበር።

ትዕግሥት በእጃችሁ አታጉርሷት፣ ነጥቃ ትብላ ብላ ነበር። እንዴት እንደምትነጥቅ ማን ያሳያታል? ረሂማ ይህን ማንንም አልጠየቀችም። የገበያ ቅርጫቷን አወረደች፣ ሥጋ አስቀመጠችበት፣ ሳትሸፍን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በጣሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ትመላለስ ጀመር። ዕድሜዋን ሙሉ ከጭልፊት ስትሸሽገው የኖረችውን ነገር አሁን ገልጣ ታሳያለች።

ዋፊቃ የምትባለው ጎረቤታቸው ከጣሪያዋ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየቻት።

«ረሂማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥጋ ገዝቼ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።»

«ቤትሽ ላይ ቆመሽ?»

«አቦ፣ ልብስሽን አስጪ!»

ዋፊቃ ወርዳ ሐዘን አዞራት ብላ ለሰፈሩ አወራች። ሰፈሩም አመነ። ወፏ መጀመሪያ ቅርጫቱን ሳታየው ቀረች፤ ቀጥሎ ሥጋውን ስታ የረሂማን ሻሽ ነጥቃ ሄደች፤ ቀጥሎ ይዛ ጣለችው። አብዱልፈታ ከሱቅ ሲመለስ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። ሚስቱ ስትራመድ ያያል፣ ወፏ ስትስት ያያል። ስትስት መቆጨት፣ ስትይዝ መደሰት እንዳለበት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በጭንቅላቱ ብቻ ነው። አንድ ቀን በደህናው እግሯ የዶሮ አንገት ከቅርጫቱ አነሣችና ግድግዳው ላይ ይዛ ወጣች። ረሂማ ወደ ባሏ ዞራ እጇን አነሣች። እሱም እጁን አነሣ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት «አለች?» አለች ረሂማ።

አብዱልፈታ ከጣሪያው ወረደ። «የለችም።»

ግድግዳውን፣ የጎረቤት ጣሪያውን፣ ጓሮውን ፈለጉ። ላባ አልወደቀ፣ ደም የለ። በሕይወት ወጥታለች፤ ከዚያስ? መንጠቅ የቻለችው ከአንዲት ሴት ጭንቅላት ላይ ነው፣ ያውም እየጠበቀቻት። አብዱልፈታ ሥጋ እየቆረጠ ሽቅብ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከተደረደሩት ጭልፊቶች መካከል እግሩ የተንጠለጠለ አልነበረም። ረሂማ ወደ ነደባዋ ተመለሰች። ሙቀጫው ጥግ ያዘ። ጠዋት ሲነሣ የሚጠየቀው ጥያቄም ቀረ፤ ያ አንድ ቃል ስንት ነገር ይዞ እንደነበር የገባው ያኔ ነው።

እንዲህ ከርመው፣ አንድ ቅዳሜ ገበያው በሞቀበት ሰዓት ከመክተፊያው ግንድ ፊት ለፊት ረሂማ ቆማ አገኛት። ከቀብሩ ወዲህ ከሰፈሯ ወጥታ አታውቅም። ቅርጫቷን ይዛለች።

«ጎድን ስጠኝ» አለችው። «ከነአጥንቱ።»

ቀና ብሎ አያት። መጥረቢያውን አነሣና ጎድኑን በትንንሹ ሰባበረው። በፌስታል አድርጎ ሰጣት። ፌስታሉን ፈትታ ሥጋውን ቅርጫቷ ላይ ዘረገፈችና ቅርጫቱን ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠች። ከአዳራሹ ወጥታ ሜዳው መሐል መራመድ ጀመረች።

«አንቺ ረሂማ!» ብሎ ጮኸ ሙሜ። «ሸፍኚው!»

«ሸፍኚው! ሸፍኚው!» አሉ ሌሎቹም። እንግዳ ቢሆን ይስቁ ነበር። የጀጎል ልጅ፣ የሥጋ ሻጭ ሚስት ሥጋ ገልጣ ስትሄድ ግን የሚስቅ አልተገኘም።

አንዷ ጭልፊት ወረደችና አንድ ጎድን ይዛ ሄደች። ሁለቱ እግሮቿ ደህና ነበሩ። ሌላዋ መጣች፤ እሷም ደህና። ረሂማ መሄዷን አልተወችም። ቅርጫቱ ባዶ እየሆነ ነው። አብዱልፈታ ቢላዋውን እንደያዘ ከግንዱ ኋላ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሦስት ተጨማሪ መጥተው ነጠቁ። የቀረው አንድ ቁራጭ ነበር።

ከአዳራሹ ጣሪያ ሳይሆን ከወዲያ ማዶ ከግንቡ በኩል አንዲት ጭልፊት መጣች። አንድ እግሯ ከሥሯ ተንጠልጥሏል። ዝቅ አለች፣ ሳተች፣ ሰዉ «ኡ!» አለ፤ በአየር ላይ ዞረችና እንደገና ወረደች። በደህናው እግሯ ጎድኑን ያዘችው። ከብዷት ትንሽ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ክንፏን መትታ መትታ ከሰዉ ጭንቅላት በላይ ወጣች፣ ከጣሪያው በላይ ወጣች።

«ወሰደችው!» አለች ረሂማ፤ ባዶውን ቅርጫት በሁለት እጇ ይዛ ዞረች። «የፈይሰል አባት! ወሰደችው!»

ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ስም የጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም ተጠንቅቆ «አብዱልፈታ» ነበር የሚለው። አብዱልፈታ ወደ ግንዱ ተመለሰ። ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ገዢ «አባባ፣ የኔን ሥጋስ?» አለው።

«ልጄ ሞቷል» አለው አብዱልፈታ። ሰውየው ደነገጠ። ሥጋ ተራው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አሁን እንደተረዳ ሰው ነበር የተናገረው። «ፈይሰል የሚባል ልጅ ነበረኝ። ባጃጅ ነበር የሚነዳው። ሞተ እኮ።» ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አመመው፤ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ያ አንድ ጊዜ የተቆረጠውን አውራ ጣቱን ሳይቀር አመመው። ረሂማ መጥታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሙሜ ቢላዋውን ከእጁ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደና ገዢውን አስተናገደለት።